«አንድ ቀን ይገድላታል» እያልን ለምን ዝም አልን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ብዙ ቤተሰብ ባለበት ሕንፃ ውስጥ ነው። ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። ማታ ማታ ጩኸት እንሰማለን። በቅርቡ አንገቷ ላይ የጣት ምልክት አየሁ፤ ድምፅዋም ተዘግቶ ነበር። አሁን ልትለየው እንደወሰነች ለአንዲት ጎረቤታችን ነግራታለች። እሱ ደግሞ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ ሰው እየሰማው፣ «ከእኔ ተለይታ አትኖርም፤ እሷንም ገድዬ እኔም እሞታለሁ» ይላል። ሁላችንም ሰምተናል። እርስ በርሳችን «ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን ይገድላታል» እንባባላለን። ጠዋት ስናገኘው ግን ሰላም እንለዋለን። ማንም ምንም አላደረገም፤ እኔም ጭምር። ክፉዎች ሆነን ነው? ጣልቃ ብገባስ ነገሩን አባብሰው ይሆን? — ከታች ፎቅ

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ እናንተ ዝምታ ከመጻፌ በፊት ስለ እሷ ልጻፍ። ጊዜ ላይኖር ይችላልና።

በደብዳቤሽ ውስጥ ሦስት ነገሮች አሉ። አንገቷ ላይ ያየሽው ምልክት፣ ልትለየው መወሰኗ፣ እና «ገድዬ እሞታለሁ» ማለቱ። እያንዳንዱ ለብቻው ከባድ ነው። ሦስቱ አንድ ቤት ውስጥ በአንድ ሰሞን ሲገናኙ ግን ጉዳዩ «የባልና ሚስት ጠብ» ከሚባለው አልፏል። ይህን የምልሽ ላስደነግጥሽ ብዬ አይደለም።

ጃክሊን ካምቤል የሚባሉ አሜሪካዊት ነርስና ተመራማሪ አሉ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በባላቸው ወይም በፍቅረኛቸው የተገደሉ ሴቶችን ታሪክ ወደ ኋላ እየመረመሩ፣ ከግድያው በፊት ምን ይታይ እንደነበር ሲያጠኑ ኖረዋል። እሳቸውም በተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ አንድ ጥናት፣ ሰውየው ከዚያ በፊት አንቋት የሚያውቅ ከሆነ የሴትየዋ የመገደል አደጋ ከ7 እጥፍ በላይ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ማነቅ እንደ ሌላው ድብደባ ሊቆጠር አይገባም። የሚያንቅ ሰው እስትንፋሷ በእጁ እንዳለ እያሳያት ነው። በዚያ ላይ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር ብለሻል። ከታነቀ ሰው ላይ ድምፅ መዘጋት፣ ለመዋጥ መቸገር፣ ከባድ ራስ ምታት ከታየ ሐኪም ማየት አለበት። ጉዳቱ ከውስጥ ሊሆንና ከቀናት በኋላ ሊገለጥ ይችላል። ይህን ብቻ እንኳ ብትነግሪያት ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው መለየቱ ነው። ብዙ ሰው «ብትተወው ትገላገላለች» ይላል። በመጨረሻ ልትገላገል ትችላለች። ነገር ግን ልትሄድ የወሰነችበትና የሄደችበት ሰሞን ከሁሉም ጊዜ ይበልጥ አደገኛው ነው። በእጁ የነበረው ሥልጣን ሲያመልጠው ያኔ ነው የሚያየው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ከካምቤልና ባልደረቦቻቸው ጥናት በጣም ያሳዘነኝ ይሄኛው ነው። ከተገደሉት ሴቶች ወደ ግማሽ የሚጠጉት አደጋው የዚህን ያህል መድረሱን አላወቁም ነበር። ስለዚህ ሄደሽ ብታነጋግሪያትና «ኧረ ምንም አይደለም፣ ሲናደድ ነው» ብትልሽ፣ ያ ማስረጃ አይሆንም። ከውጭ የሚያይ ሰው ያስፈልጋታል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ክፉዎች አይደላችሁም። ክፉ የሆነ ሰው እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ አይጽፍም። ታዲያ ይህን ሁሉ ሰው ምን ያዘው?

እ.ኤ.አ. በ1968 ቢብ ላታኔና ጆን ዳርሊ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰዎችን ክፍል ውስጥ አስቀምጠው መጠይቅ እንዲሞሉ አደረጉ። ሰዎቹ እየጻፉ ሳለ ከግድግዳው ቀዳዳ ጭስ መግባት ጀመረ። ብቻቸውን ከነበሩት 75 በመቶዎቹ ወጥተው ተናገሩ። ሌሎቹን ግን ጭሱን እያዩ ዝም እንዲሉ ከተነገራቸው ሁለት ሰዎች ጋር አስቀመጧቸው። ከነዚህ የተናገሩት 10 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት እያሳሉ፣ ዓይናቸውን እያሹ፣ ጭሱን በእጃቸው እየገፉ መጠይቁን መሙላት ቀጠሉ። በኋላ ሲጠየቁ እንፋሎት መስሎን ነው፣ የማቀዝቀዣው ነገር መስሎን ነው አሉ። ሁለቱ ካልደነገጡ የሚያስደነግጥ ነገር የለም ብለው ደምድመው ነበር።

የእናንተም ሕንፃ እንዲሁ ነው። አንቺ ጠዋት ስትወጪ ጎረቤትሽ ሰውየውን ሰላም ሲለው ታያለሽ። «እሱ ካልፈራ እኔ ነኝ ያጋነንኩት» ትያለሽ። እሱ ደግሞ አንቺ ሰላም ስትይው አይቷል። እሱም እንዲሁ ብሎ ገብቷል። እያንዳንዳችሁ ውስጣችሁ እየተረበሸ ፊታችሁ ላይ ግን እርጋታ ለብሳችኋል። ከዚያ አንዱ የሌላውን ፊት ያነባል።

እነዚሁ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ሌላም ነገር ሞክረዋል። ሰዎች በየክፍላቸው ሆነው በድምፅ ማጉያ ይነጋገራሉ። ድንገት አንዱ የሚጥል በሽታ ተነሥቶበት እርዳታ ሲለምን ይሰማል። የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ ብሎ ካመነው ሰው መካከል 85 በመቶው ልመናው ሳያልቅ ለመርዳት ወጣ። ሌሎች አራት ሰዎችም እየሰሙ ነው ብሎ ካመነው ግን 31 በመቶው ብቻ። ከቁጥሩ ይበልጥ ልነግርሽ የፈለግኩት ግን ይህ ነው። ያልወጡት ሰዎች ግድ የሌላቸው አልነበሩም። ተመራማሪው ሲገባ እጃቸው ይንቀጠቀጥ፣ ያልባቸው ነበር። «ሰውየው ደህና ነው?» ብለው የጠየቁም ነበሩ። ልባቸው ወጥቷል፤ እግራቸው ግን ሌላ ሰው ሄዷል ብሎ ቀረ።

«ክፉዎች ሆነን ነው?» ላልሽው መልሴ ይኸው ነው። የእናንተም ልብ ወጥቷል።

ሦስተኛ ምክንያት አለ፤ እሱ ከሁለቱም ይበልጥ ያናድደኛል። «ባልና ሚስት ናቸው» የሚለው። እ.ኤ.አ. በ1976 ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ወንድ አንዲትን ሴት ሲያጠቃ የሚያሳይ ትዕይንት ሰው ፊት እንዲተወን አደረጉ። ሴትየዋ «አላውቅህም!» እያለች ስትጮህ ካዩት ሰዎች 65 በመቶው ጣልቃ ገባ። «ለምን እንዳገባሁህ አላውቅም!» ስትል ግን 19 በመቶ ብቻ። ጥቃቱ ያው ነው። ጩኸቱም ያው ነው። ጋብቻ መኖሩ ሲሰማ ሰው እጁን ሰበሰበ። እውነቱ ግን በተቃራኒው ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንደገመተው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በዓለም ዙሪያ ወደ 51,100 የሚጠጉ ሴቶችና ልጃገረዶች የተገደሉት በትዳር ወይም በፍቅር አጋራቸው ወይም በቤተሰባቸው አባል ነው። ሴት ልጅን በተመለከተ «ያውቃታል እኮ» ማለት ማጽናኛ ሊሆን አይገባም።

ሰው በተፈጥሮው ዝም የሚል ነው የሚል ድምዳሜ ውስጥ ደግሞ እንዳትገቢ። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች በአምስተርዳም፣ በላንካስተርና በኬፕታውን ጎዳናዎች ላይ በደኅንነት ካሜራ የተቀረጹ 219 ጠቦችን ተመለከቱ። ከአሥር ጠብ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ መንገደኛ ገብቶ ለመገላገል ሞክሯል። እንዲያውም ብዙ ሰው በቦታው በኖረ ቁጥር የሚገባ ሰው የመገኘቱ ዕድል ይጨምር ነበር።

ታዲያ መንገድ ላይ የሚገላግለው ሰው ቤቱ ሲገባ ምን ነካው? እኔ እንዲህ ነው የማስበው። መንገድ ላይ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ያያል። አንተም እንዳየህ እኔ አይቻለሁ፤ እኔም እንዳየሁ አንተ አይተሃል። ማፈግፈግ ያሳፍራል፤ መግባት ደግሞ ብቻ መሆን አይደለም። ሕንፃ ውስጥ ግን እያንዳንዱ የሚሰማው ከራሱ ግድግዳ ጀርባ ሆኖ ነው። ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ግን አንድ ላይ ሆናችሁ ያወቃችሁበት ቀን የለም። በሹክሹክታ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ «ይገድላታል» ብላችሁ ትለያያላችሁ። ሹክሹክታው ደግሞ የሆነ ነገር የተደረገ ያስመስላል። ጭንቀቱን ትንሽ ያስተነፍሰዋል። ስሜቱ ሲቀል እግሩም ይቀራል።

ጊዜውም ራሱ ያታልላል። ድንገት የመጣ ጥቃት ሰውን ያስነሣል። ለወራት ሲዛት የኖረ ጥቃት ግን ያለማምዳል። ዛሬ ማታ ጮኸ፣ ጠዋት ግን ልጆቿን ይዛ ወጣች። ነገም እንዲሁ። በሕይወት የወጣችበት እያንዳንዱ ጠዋት «ያን ያህልም አይደለም» የሚል ምስክር ይሆናል። «የሚዝት ሰው አያደርገውም» የሚባለውም እዚህ ላይ ይጨመራል። ይህ አባባል ብዙ ሰው አስበልቷል። የአሜሪካ ሲክሬት ሰርቪስ (የአገሪቱን ፕሬዚዳንት የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት) እና ትምህርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት በትምህርት ቤቶች የተፈጸሙ 37 የታቀዱ ጥቃቶችን መርምረዋል። ከነዚህ በ81 በመቶው ውስጥ አጥቂው ሊያደርገው ያሰበውን ነገር ቢያንስ አንድ ሌላ ሰው ቀድሞ ያውቅ ነበር። የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ ጓደኞቹ፣ እኩዮቹ ናቸው። ሰው ሊያደርግ ያሰበውን ይናገራል። የሚናገረውም ለሚያውቁት ነው።

የእናንተው ሰውዬ ለምን ደረጃው ላይ ቆሞ ይናገራል ብለሽ ታስቢያለሽ? ቤቱ ውስጥ ሊላት ይችል ነበር፤ ይላታልም። እናንተ ፊት ሲለው ግን ምን እንደምትሉ እያየ ነው። እስካሁን ያገኘው መልስ የጠዋት ሰላምታ ነው። አንዳችሁም «ይህ የሚባል ነገር አይደለም» አላላችሁትም። እሱ የሰማው «አይመለከተንም» የሚል ነው። እሷም በሩ ጀርባ ሆና ያንኑ ሰምታለች። ይህን ስጽፍልሽ ልወቅስሽ ፈልጌ አይደለም፤ ዝምታችሁ እዚያ ቤት ውስጥ ምን ሥራ እየሠራ እንደሆነ እንድታውቂው ነው።

ስለ ኪቲ ጄኖቪስ ሰምተሽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1964 ኒውዮርክ ውስጥ በሌሊት ወደ ቤቷ ስትገባ የተገደለች የ28 ዓመት ወጣት ናት። 38 ጎረቤቶች ከመስኮት እያዩ አንድም ሰው አልረዳትም ተብሎ በጋዜጣ ተጻፈ። ከላይ የነገርኩሽ የላታኔና የዳርሊ ሙከራዎች መነሻም ይኸው ወሬ ነው። ታሪኩ ግን የተጋነነ ነበር፤ ጋዜጣው ራሱ በኋላ አምኗል። ብዙዎቹ ጩኸቱን ሰሙ እንጂ አላዩም። አንዲት ጎረቤት ዘግይታም ቢሆን ወርዳ አምቡላንስ እስኪመጣ አቅፋታለች። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው ስለ ሌላ ሰው ነው። አንድ ሰው መስኮቱን ከፍቶ «ልጅቷን ተዋት!» ብሎ ጮኸ። ገዳዩም ትቷት ሸሸ። ያኔ ግን ማንም አልወጣም። ገዳዩ ጥቂት ጠብቆ፣ ፀጥታውን አይቶ፣ ተመለሰና ገደላት። አንድ ድምፅ አስቁሞት ነበር። የጠፋው ተከታዩ ነው።

እንግዲህ ምን ታድርጊ?

መጀመሪያ ወደ እሷ ሂጂ። ወደ እሱ አትሂጂ፣ ወደ ቤተሰቡም አትሂጂ፣ ሕንፃውንም ለስብሰባ አትጥሪ። ወደ እሷ፣ ለብቻዋ፣ እሱ በሌለበት ሰዓት። በስልክ መልእክት አትጻፊላት፤ ስልኳን እሱ ሊያየው ይችላል። ስታገኚያት ዙሪያ ጥምጥም አትሂጂ። «ማታ ማታ እሰማለሁ። አንገትሽን አይቻለሁ። እሱ የሚለውንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እፈራልሻለሁ። ምን ላድርግልሽ?» በያት። ብዙ ሴቶች ማንም እንዳላወቀባቸው ወይም ማንም እንደማያምናቸው ያስባሉ። አንድ ሰው «ሰምቻለሁ» ሲላት አንድ ግድግዳ ይፈርሳል።

«ለምን እስካሁን አልወጣሽም?» አትበያት። «ለልጆችሽ ስትይ ቻይው»ም አትበያት። ሁለቱም ጥፋቱን ወደ እሷ ያዞሩታል።

ጥቂት ነገር ግን ጠይቂያት፤ ፊት ለፊት። አንቆሽ ያውቃል? ራስሽን ስተሽ ታውቂያለሽ? ቤት ውስጥ ሽጉጥ ወይም ሌላ መሣሪያ አለ? የምትሄጂበትን ይከታተላል? ልትለዪው እንዳሰብሽ ያውቃል? እውነት የሚገድለኝ ይመስለኛል ትያለሽ? የመጨረሻውን ለመጠየቅ ይከብድሻል። ጠይቂው። ጥያቄው ሐሳቡን አይፈጥረውም፤ ሐሳቡ ቀድሞ አብሯት ያድራል። ከመለሰችልሽ ዝም ብለሽ ስሚያት። መካሪ ለመሆን አትቸኩይ። የእሱን ጸባይ፣ ሲናደድ ፊቱ እንዴት እንደሚለወጥ፣ መቼ እንደሚጠጣ፣ የትኛው ቀን እንደሚከፋ ከሁላችንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። እስካሁን ራሷንና ልጆቿን በሕይወት ያቆየችው በዚህ እውቀት ነው።

የምትወጣ ከሆነ ቀኑን ከአንቺና ከሚያግዟት በቀር ማንም ማወቅ የለበትም። ለእሱ ተናግሮ መውጣት ጨዋነት ይመስላል፤ በእንዲህ ዓይነት ሁኔታ ግን ሕይወት ያስከፍላል። እሱ ከቤት በወጣበት ሰዓት ትውጣ። የእሷንና የልጆቹን ሰነዶች፣ መድኃኒት፣ ትንሽ ገንዘብና መለዋወጫ ቁልፍ በአንዲት ቦርሳ አንቺ ጋ ልታስቀምጥ ትችላለች። የምትግባቡበት አንድ ቃል ይኑራችሁ። ያንን ቃል ከእሷ ወይም ከልጇ አፍ ከሰማሽ ሳትጠይቂ ፖሊስ ትጠሪያለሽ። የሴቶች መጠለያ ወይም ጥቃት ለደረሰባቸው የሚሠራ ድርጅት ካለ አድራሻውን አንቺ ፈልጊላት፣ በአንቺ ስልክ ደውይላት። እነሱ ይህን ሥራ በየቀኑ ይሠሩታል፤ ከእኔም ከአንቺም የተሻለ ያውቃሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርሽ። ጥሩ ልብ ያላቸው ሰዎች ነገሩን የሚያባብሱት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ሄደው እሱን ያነጋግሩታል። «ሚስትህ እንዲህ አለችን፣ ተው እንጂ» ይሉታል። ወይም ሁለቱን አስቀምጠው ያስታርቃሉ። እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ሳለ እሷ እውነቱን ልትናገር አትችልም። ከተናገረች ደግሞ ዋጋውን ማታ ትከፍላለች። እርቅ ለተጣሉ ሰዎች ነው። አንዱ ሌላውን እገድላለሁ ሲል የተጣሉ አይባሉም፤ አንዱ አስፈራሪ ነው፣ ሌላዋ ማስፈራሪያ የደረሰባት ናት።

በትልቁ ዓለምም ይህ ስሕተት ተፈጽሟል። እ.ኤ.አ. ጥር 11 ቀን 1994 በሩዋንዳ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ አዛዥ የነበሩት ካናዳዊው ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌር ወደ ኒውዮርክ ዋና መሥሪያ ቤት መልእክት ላኩ። ከውስጥ አዋቂ እንደሰሙት መሣሪያ እየተከማቸ ነው። ኪጋሊ ውስጥ ያሉ ቱትሲዎች እየተመዘገቡ ነው። በ20 ደቂቃ እስከ 1,000 ሰው መግደል የሚቻልበት ዝግጅት አለ። መሣሪያውን ልያዝ ብለው ጠየቁ። የመጣላቸው መልስ «አትንካ፤ ይልቅ የሰማኸውን ለፕሬዚዳንቱ አሳውቅ» የሚል ነበር። ዝግጅቱ የሚካሄደው ደግሞ በራሳቸው በፕሬዚዳንቱ ወገን ውስጥ ነው። ከሦስት ወር ያህል በኋላ እልቂቱ ጀመረ። በ100 ቀን ውስጥ ወደ 800,000 የሚገመት ሕዝብ አለቀ። የአንድ ቤት ጉዳይና የአንድ አገር ጉዳይ እኩል ነው እያልኩሽ አይደለም። ነገር ግን ማስጠንቀቂያ ለማን እንደሚነገር ማሰብ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። አደጋው ከሚመጣበት ወገን ጋ ከሄደ ማስጠንቀቂያ መሆኑ ይቀራል።

ስለዚህ ትክክለኛውን ጆሮ ፈልጊ። ፖሊስ አንዱ ነው። እሷ ከተስማማች አብረሻት ሂጂ፤ ብቻዋን አትላኪያት። እሱ ያለውን በትክክል በቃሉ፣ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ጽፈሽ ያዢ። «ይጣላሉ» አትበዪ። «እገድላታለሁ ብሏል፤ እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አንገቷን አንቋት ነበር፤ አሁን ልትለየው ነው» በዪ። የመጀመሪያው ፖሊስ ካላዳመጠሽ ሁለተኛውን ፈልጊ። በአንዳንድ ቦታ ፖሊስም «የቤት ጉዳይ ነው» ብሎ እንደሚመልስ አውቃለሁ። ሁለት ሦስት ምስክር ይዞ የሄደ ሰውን ግን እንደዚያ ብሎ መመለስ ይከብዳል።

ወደ ጎረቤቶችሽም ሂጂ፤ እሷ እሺ ካለችሽ በኋላ። ሁሉንም ሰብስበሽ «ምን እናድርግ?» አትበይ፤ በስብሰባው ላይ ሁሉም ሌላውን ያያል፣ ከዚያ ወሬው እሱ ጆሮ ይገባል። የምታምኛቸውን ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ምረጪ። አንድ በአንድ፣ በስማቸው ጠርተሽ አነጋግሪያቸው። ለእያንዳንዱ አንድ ሥራ ስጪው። ጩኸት ሲሰማ ፖሊስ የምትደውለው አንቺ ነሽ። ልጆቹን የምትቀበለው እሷ ናት። በሩ ላይ የሚወጡት እነ እገሌ ናቸው፣ አብረው። ትከሻ ላይ የወረደ ሥራ «ሌላው ይሠራዋል» ተብሎ አይተውም። ያን ሁሉ ወር ያሰራችሁ ነገር የሚፈታው እንዲህ ነው፤ አንዱ ደፍሮ ለሌላው «እኔም እሰማለሁ» ሲለው። አብዛኛው ሰው ይህን ቃል ሲጠብቅ ነው የኖረው።

ማታ ጩኸት ሲነሣስ? በሕንድ እ.ኤ.አ. በ2008 «ደወሉን ደውል» የሚል ትርጉም ያለው ዘመቻ ተጀምሮ ነበር። በማስታወቂያዎቹ ላይ ሰው ከጎረቤት ቤት የድብደባ ድምፅ ሲሰማ ሄዶ ደወል ይደውላል፤ ሲከፈትለት ስለ ድብደባው አያነሣም። ትንሽ ወተት አለህ ወይ፣ ስልክ ላስደውል ብሎ ይጠይቃል። ድብደባው ግን ይቋረጣል፤ ሰውየውም እንደተሰማ ያውቃል። ጥሩ ዘዴ ነው። በእናንተ ሁኔታ ግን ለብቻሽ አታድርጊው፤ መሣሪያ ካለው ደግሞ በፍጹም። መጀመሪያ ፖሊስ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ሆናችሁ፣ ከበሩ ራቅ ብላችሁ። መሐላቸው አትግቢ። የአንቺም ሕይወት ሕይወት ነው።

ስለ እሱም አንድ ነገር ልበል። «እኔም እሞታለሁ» ያለውን እንደ ማስፈራሪያ ብቻ አትይው። ራሴን አጠፋለሁ የሚል ሰው ለራሱም ለቤተሰቡም አደገኛ ነው፤ የሚያጣው ነገር የለውምና። እሷና ልጆቹ ደኅና ቦታ ከደረሱ በኋላ የሚሰማው ሰው፣ ወንድሙ ወይም የድሮ ጓደኛው ይጠጋው። ሐኪም ጋ ይውሰዱት። መሣሪያ ካለው ከእጁ ያውጡለት። ግን ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ እሷ መጀመሪያ።

እሷ «ተይኝ» ልትልሽ ትችላለች። ይህም ይሆናል፤ አትቀየሚያት። «እሺ፣ ግን በሬ ክፍት ነው፣ በማንኛውም ሰዓት» በያትና በሳምንቱ ደግመሽ ጠይቂያት። ወጥታ ልትመለስም ትችላለች። ብዙዎች ከመጨረሻው መውጣታቸው በፊት ደጋግመው ይመለሳሉ። ያኔ «ነግሬሽ ነበር» የሚል ሰው ካገኘች ሦስተኛ ጊዜ ወደ አንቺ አትመጣም። ጩኸት በሰማሽበት ሌሊት ግን ፈቃድ አያስፈልግሽም። ደውይ። በኋላ ብትቆጣሽም ትቆጣሽ።

«ነገሩን አባብሰው ይሆን?» ላልሽው፤ ፍርሃትሽ ትክክል ነው፣ ለዚህም ነው ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት። እሷን ሳያማክሩ የሚገቡበት፣ እሱን የሚያነጋግሩበት፣ አንድ ቀን ጮኸው የሚጠፉበት ጣልቃ ገብነት ያባብሳል። እሷን ሰምቶ፣ በምስጢር ይዞ፣ ቆይቶ የሚከታተል ሰው ግን እስካሁን ያላገኘችው ነገር ነው።

ነገ እሱ ከቤት ሲወጣ ውጪና አንኳኪ። አንገቷን ሐኪም እንዲያይላት ከመጠየቅ ጀምሪ። ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ፤ የመለሰችልሽ ምንም ይሁን ምን።